የፌሮ ፋብሪካችን ስኬልና የጭስ አቧራ የት ይሂድ? (ከአዳማ)

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ አንድ ፌሮ ፋብሪካ ውስጥ ምርት ክፍል እሠራለሁ። ውዳቂ ብረት በኢንዳክሽን፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ምድጃ እናቀልጣለን፤ የሚወጣውን ወፍራም የብረት ዘንግ፣ ቢሌቱን፣ ዳምጠን ፌሮ እናደርጋለን። ቢሌቱ ሲዳመጥ የሚረግፈው ጥቁር ቅርፊት፣ ስኬል የምንለው፣ ጓሮ ተከምሯል። የጭስ ማጣሪያው አቧራም በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ አጠገቡ አለ። አንድ ነጋዴ ሁለቱንም አንድ ላይ ልውሰድ ብሎናል። አለቃዬ ደግሞ ስኬሉን መልሰን እናቅልጠው ይላል። ክረምት ሳይገባ መወሰን አለብን። እስኪ ምከሩኝ።

ሮሊንግ (ብረት መዳመጥ) ላይ የቆየሁ፦
እህቴ፣ አንድ ላይ እንዳትሰጡት! ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም። ስኬል ማለት ቢሌቱ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ግሎ ላዩ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ነው። ከክብደቱ 70 በመቶ ገደማ ብረት ነው። ጥሬ ዕቃ እንጂ ቆሻሻ አይደለም። የሚያስቸግረው ዘይቱ ነው፤ በተለይ የማቀዝቀዣው ውሃ ከሚወርድበት ጉድጓድ ሥር የሚዛቀው ደቃቁ የማሽኑን ዘይትና ግሪስ ይይዛል። ሻካራውን ለብቻ፣ ደቃቁን ለብቻ ከምሩ። ሻካራው ቶሎ ገዢ ያገኛል።

ማቅለጫ ክፍል፦
ለአለቃሽ ይህን ንገሪልኝ። ስኬል ኦክሳይድ ነው። ብረት እንዲሆን ኦክስጅኑን የሚወስድለት ካርቦን ይፈልጋል፤ ለ1 ቶን ስኬል በስሌት 200 ኪሎ ገደማ። እንዲሁ ከጨመራችሁት አብዛኛው ስላግ፣ ማለትም ከቀለጠው ብረት ላይ የሚንሳፈፍ ዝቃጭ፣ ሆኖ ይቀራል። የምድጃችሁ የውስጥ ሽፋን ሲሊካ (የአሸዋ ዓይነት) ከሆነማ ጉዳቱ ይብሳል፤ የብረት ኦክሳይዱ ከሲሊካው ጋር ተዋህዶ በቀላሉ የሚቀልጥ ነገር ይሆናል፣ ሽፋኑን ይበላዋል። ከሁሉም በላይ ግን እርጥብ ስኬል! ከቀለጠ ብረት ሥር የገባ ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና ብረቱን ሰው ላይ ይረጨዋል። በዚህ ሰው ይሞታል። እባካችሁ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ወንጂ ቅርባችን ነው፤ ከስኳር ፋብሪካው ሞላሰስ ገዝተን ስኬሉን ብሪኬት፣ ማለትም ተጨምቆ የተጣበቀ ጡብ፣ ብናደርገውስ?

ሲሚንቶ የሠራሁ፦
ሞላሰስና በውሃ የጠፋ ኖራ የታወቀ ማጣበቂያ ነው። ከከሰል ዱቄት ጋር ተጨምቆ በደንብ ከደረቀ ብሪኬት ይወጣዋል። ለእናንተ ምድጃ ግን የሽፋኑ ችግር አይቀርም። እኔ የምመክረው ሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። ክሊንከር፣ ማለትም ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው፣ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይና ከሸክላ አፈር ነው፤ በድብልቁ ውስጥ ብረት ሲያንስ የብረት ማዕድን ይጨመርበታል። ብረቱ ድብልቁ በአነስተኛ ሙቀት መቅለጥ እንዲጀምር ይረዳል። ስኬል ያንን ማዕድን ይተካል። የሚገባው መጠን ትንሽ ነው፤ ፋብሪካዎቹ ግን በብዛት ስለሚያመርቱ ክምራችሁ አይበዛባቸውም። የብረቱን፣ የዘይቱንና የእርጥበቱን መጠን የሚያሳይ የላብራቶሪ ውጤት ይጠይቋችኋል። ያለ እሱ ዋጋ ላይ አትነጋገሩ።

አካባቢ ጥበቃ ላይ የምሠራ፦
ስለ አቧራው ማንም ብዙ አላለም፣ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ሲቀልጥ ዚንኩ ይተንና ማጣሪያው ላይ ይያዛል። እርሳስና ካድሚየምም አብረውት ይመጣሉ። ውጭ ሀገር ዚንኩን የሚያወጡለት መንገድ አለ፤ በረጅም ተሽከርካሪ ምድጃ ከኮክ ከሰል ጋር ወደ 1,200 ዲግሪ ያሞቁታል፣ ዚንኩ ተንኖ እንደ ኦክሳይድ ይሰበሰባል። ዌልዝ ይሉታል። ይህ የሚያዋጣው አቧራው ዚንክ ሲበዛበት ነው፤ ስለዚህ የናንተንም አስመርምሩት። እስከዚያው ጣሪያ ሥር፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጡት። ዝናብ ካገኘው ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው፤ በአዋሽ ውሃ ደግሞ ስንት እርሻ ይለማል። ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አንብቡ፣ የከተማውን የአካባቢ ጥበቃ ቢሮም ጠይቁ። አቧራውን የሚያስሩ ልጆች ማስክ ያድርጉ። ማዳበሪያው ባዶ ሲሆን ደግሞ እህል መያዣ ሆኖ ሰው ቤት እንዳይገባ! ቅደዱት።

ጠያቂዋ፦
የማዳበሪያው ነገር አስደነገጠኝ። ሠራተኞች ወደ ቤት ይወስዱታል። ዛሬውኑ አስቆማለሁ። ነጋዴውንም ለአቧራው እምቢ እንለዋለን። ናሙናውን እንዴት ልውሰድ?

ሲሚንቶ የሠራሁ፦
ከክምሩ ላይ ብቻ እንዳትዘግኚ። ላዩ ዘይቱ ታጥቦ ንጹሕ ይመስላል። ከተለያየ ቦታ፣ ከውስጥም ከሥርም ቆፍረሽ አውጪ። አንድ ላይ ቀላቅለሽ ለአራት ክፈይው፤ ሁለቱን ተቃራኒ ክፍል ጣዪና ቀሪውን እንደገና ቀላቅይ። ሁለት ኪሎ ያህል እስኪቀር እንዲህ አድርጊ። እርጥበቱ እንዳይጠፋ በላስቲክ አሽጊው። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የማቴሪያል ምህንድስና ትምህርት ክፍል አለ፤ መጀመሪያ እዚያ ጠይቂ። ከናሙናው ግማሹን አስቀሪ፣ ገዢው በውጤቱ ቢከራከር ያስፈልግሻል።