11ኛ ክፍል ሆኜ የዩኒቨርሲቲ ሂሳብ ብጀምርስ?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ነኝ፣ 11ኛ ክፍል፣ የተፈጥሮ ሳይንስ። ሂሳብ ነፍሴ ነው። ወንድሜ የፍሬሽማን የሂሳብ ሞጁሉን ትቶልኝ ሄደ። ሎጂክና ስብስቦችን ጨርሼ ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ላይ ነኝ። ከሰዓት ሙቀቱ አያስጠናም፣ ሌሊት ተነስቼ ነው የምሠራው። ካልኩለስ (የለውጥ ፍጥነትን የሚያጠናውን ሂሳብ) ልጀምር? እማዬ "ማትሪክሽን እንዳታበላሺ" ትላለች።

የሂሳብ መምህር፣ ከዚራ፦
እናትሽ እውነታቸውን ነው፤ ግን ሁለቱ አይጣሉም። የካልኩለስ መግቢያ 12ኛ ክፍል መጽሐፍሽ ላይ አለ፣ ቀድመሽ ብታውቂው ለፈተናውም ይጠቅምሻል። እኔን የሚያሳስበኝ ሽምደዳው ነው። ጎበዝ የተባለ ልጅ ቀመሩን በቃሉ ይዞ አልጀብራ ላይ ሲንገዳገድ በየዓመቱ አያለሁ፣ ያንገበግበኛል። እስቲ ይህን ሞክሪ። የ3 ስኩዌር 9 ነው። የ3.1 ደግሞ 9.61። ልዩነቱን ለ0.1 አካፍዪ፣ 6.1 ይመጣል። በ3.01 ድገሚው፣ 6.01። ወዴት እየሄደ ነው? ለምን? በራስሽ ቃል ካስረዳሽኝ ጀምሪ።

ሐረሬው፦
እህቴ፣ የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ትምህርቶቹን በሚለቅበት ድረ ገጽ፣ ኦፕን ኮርስዌር ላይ፣ የባለ አንድ ቫሪያብል ካልኩለስ በነጻ አለ። ቪዲዮ፣ መልመጃ፣ ፈተና ከነመልሱ። ቪዲዮው ዳታ ይጨርሳል፣ ፒዲኤፉን አውርጂ። ክሬዲት ግን አይሰጥም፣ ለእውቀት ብለሽ ያዢው።

የሳቢያን ልጅ፦
መምህር፣ ወደ 6 ነው የሚጠጋው! 3 ላይ ትንሽ ስጨምር ስኩዌሩ የጭማሪውን 6 እጥፍና የጭማሪውን ስኩዌር ያድጋል። ለጭማሪው ሳካፍል 6 እና ጭማሪው ራሱ ይቀራሉ። ጭማሪው ወደ ዜሮ ሲሄድ 6 ብቻ። ልክ ነኝ?

የሂሳብ መምህር፣ ከዚራ፦
ልክ ነሽ ልጄ። ጀምሪ።