ጥቆማ፦ ለፎር ዊል ሚኒባስ የትኛው ጎማ? ለጎጃም አስፋልትና ጭቃ

ፎር ዊል ሚኒባስ ይዛችሁ ጠዋት አስፋልት፣ ከሰዓት ጭቃ ላይ ለምትውሉ የጎጃም ሾፌሮች ነው ይህ ጥቆማ። መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ኤቲ (AT) የሚባለውን፣ ለአስፋልትም ለጭቃም የሚሆነውን ጎማ ግዙ። የመሸከም አቅሙ ለሚኒባስ የሚበቃ ይሁን። አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ።

ጭቃ ሲባል ብዙ ሰው ኤምቲ (MT) የሚባለውን የጭቃ ጎማ ይፈልጋል። ጥርሱ ትልልቅ ነው፤ ሲያዩት ልብ ይሞላል። ግን ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ አስቡት። ከላይ እስከ ታች ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ዝናብ የመታው አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ኤምቲ ከኤቲ ርቆ ነው የሚቆመው፤ መሬቱን የሚነካው ላስቲክ ትንሽ ነዋ። ሰው ለሚጭን መኪና ይህ ብቻውን ይበቃኛል። ነዳጅ መብላቱና አስፋልት ላይ ቶሎ ማለቁ ሌላ ነው። ኤችቲ (HT) ደግሞ የአስፋልት ጎማ ነው። ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ ብቻ ለሚመላለስ ጥሩ ነው፤ ወደ ቀበሌ ለሚገባ አይሆንም።

ጭቃው ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። በመራዊ፣ በዳንግላና በእንጅባራ በኩል ያለው ቀይ አፈር ላዩ ያዳልጣል እንጂ ሥሩ ጠንካራ ነው። ጠበብ ያለ ኤቲ ላዩን ሰንጥቆ ሥሩን ይይዛል። ስለዚህ ለመልክ ብላችሁ ሰፊ ጎማ አትግጠሙ። የቢቸናና የደብረ ወርቅ ጥቁር አፈር፣ ዋልካው ግን ሌላ ነገር ነው። ሲርስ ያብጣል፣ ይጣበቃል። በጥርሶቹ መካከል ሲሞላ ጎማው ሊጥ እንደያዘ እጅ ይሆናል፤ ምንም አይጨብጥም። ኤምቲ ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ጭቃውን እየወረወረ ትንሽ ይሻላል። ነሐሴ ላይ ውኃ የጠገበ ዋልካ ግን እሱንም ይውጠዋል። እዚያ ላይ የምመክረው ጎማው ላይ የሚታሰር ሰንሰለት ነው፤ ወይም ፀሐይ መትቶት እስኪጠነክር መጠበቅ። ሰንሰለት ከመግዛታችሁ በፊት በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል በቂ ክፍተት መኖሩን እዩ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ዶልፊን በሚባለው የቶዮታ ሚኒባስ ላይ የተለመደው ልክ 195 አር 15 ሲ ነው። የእናንተን በሩ ላይ ከተለጠፈው አረጋግጡ። ለዚህ ዓይነቱ መኪና የሚሠራው ጎማ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 106/104 የሚል ቁጥር አለ። 106 ማለት አንዱ ጎማ እስከ 950 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ትንሿ መኪና ሱዙኪ ጂምኒ የምትጠቀምበት 195/80 አር 15 ደግሞ ቸርኬው ላይ ልክክ ይላል፤ ቁጥሩ ግን 96 ነው፤ 710 ኪሎ ብቻ። ሰው ሞልቶ ጣራው ላይ ጤፍ ሲጨመርበት የኋላው ጎማ ከአቅሙ በላይ ይሆናል። በአባይ በረሃ ሙቀት ይግላል፣ ይፈነዳል። ሻጩ «ይሄም ያው ነው» ቢላችሁ ቁጥሩን ሳታዩ ብር እንዳታወጡ።

ቀኑንም አንብቡ። ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ዓመት ናቸው። 1417 ካለ የእኛ 2017 እንዳይመስላችሁ! በፈረንጅ 2017፣ 14ኛው ሳምንት ነው። አሮጌ ጎማ ነው።

ከስም የዮኮሃማ ጂኦላንደር፣ የብሪጅስቶን ዱለር ጥሩ ናቸው። ሁለቱም በኤችቲም፣ በኤቲም፣ በኤምቲም ስለሚመጡ ስሙ ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ጠይቁ፤ ችግር ሲገኝ ተመልሳችሁ የምትሄዱበት ሰው ቅርብ ቢሆን ይሻላል። በልካችሁ ኤቲ ካጣችሁ ወደ አዲስ አበባ። ያገለገለ ጎማ አልመክርም። ጥርሱ እንደገና የተቀረጸውንማ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

አራቱም አንድ ይሁኑ ያልኩት ለመልክ አይደለም። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚጎትት ሚኒባስ ላይ ሁለት አዲስና ሁለት ያለቀ ከገጠማችሁ ቁመታቸው ይለያያል። የፊቱና የኋላው እየተሳሳቡ ኃይሉን ለሁለቱ የሚያስተላልፈው የመኪናው ክፍል ይግላል፣ ይበላል። ያ ጥገና ከጎማ ዋጋ በላይ ነው።

ጎሚስታ ስትመርጡ ጎማውን ፈትቶ ከውስጥ የሚለጥፈውን ምረጡ። ከውጭ ወትፎ የሚለቀው መንገድ ላይ ለማድረስ ይሆናል፣ ከዚያ አያልፍም። ጎኑ የተበሳ ጎማ ደግሞ አይጠገንም። ከጭቃ ወጥታችሁ መሪው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ባላንስ ለማሠራት ከመክፈላችሁ በፊት የቸርኬውን ውስጥ እጠቡ፤ እዚያ የደረቀ ጭቃ ነው ብዙውን ጊዜ የሚያንቀጠቅጠው።

ጭቃ ውስጥ ስትገቡ ነፋሱን በሩብ ያህል ቀንሱ፤ ጎማው ሰፋ ብሎ ይይዛል። ጭነት ካለ ከዚያ በላይ አትቀንሱ፤ ፍጥነቱም ከ30 አይለፍ። አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት ሙሉት። ለዚህ ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ያስፈልጋል። ቅያሪ ጎማውንም በየወሩ ነፋሱን እዩለት፤ ልኩ ከአራቱ ጋር አንድ ይሁን።