ዝቅ ያለች ሚያታ፦ ከፍታዋን እንዴት ልለካ? ያለ አደጋስ እንዴት ላንሳት?

ቀይዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። በቅርቡ የ1991 ማዝዳ ሚያታ ገዛሁ፤ 1.6 ሞተር ያላት፣ መብራቷ ከኮፋኖው ብድግ የሚለው የመጀመሪያዋ ዓይነት። መኪናዋን ወድጃታለሁ፣ ግን በጣም ዝቅ ብላለች። መንገድ ላይ ጉብታ ባየሁ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል። ከፋብሪካ እንዲህ ነች? ሞላዋ ደክሞ ነው? ወይስ የድሮው ባለቤት ሆን ብሎ አውርዷታል? ከሥሯ ገብቼ እንዳላይ ደግሞ ክሪኬ አይገባም። የምሠራው የአፓርታማው ፓርኪንግ ውስጥ፣ አስፋልት ላይ ነው። ዓመታዊ ኢንስፔክሽንም ደርሷል። ምን ትሉኛላችሁ?

ጎሚስታው
እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ! መጀመሪያ ለካ፣ ከዚያ እናውራ። በዓይን ግምት አይሆንም።

ሜዳ የሆነ ቦታ ፈልግ። ጎማዎቹን ቀዝቃዛ ሳሉ እኩል ንፋ፤ ለዚች መኪና ፋብሪካው የሚለው 26 ፒኤስአይ ነው። ሻንጣው ውስጥ ያለውን ጓዝ አውጣ። ከዚያ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ ንዳትና በራሷ ትቁም። ከክሪክ ላይ የወረደች መኪና ወዲያው ከለካሃት ትዋሽሃለች። ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ተሰብስበው ስለሚያርፉ፣ እስክትንከባለል ድረስ ከፍ ብላ ነው የምትቆየው።

ሜትሩን ከቸርኬው መሐል ቀጥ አድርገህ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያዝ። ከመሬት አትለካ። ከመሬት ከለካህ የጎማው ማለቅና የቸርኬው መጠን ሒሳቡን ያበላሹብሃል። አራቱንም ለክተህ እዚህ ጻፍልን።

ካቻቪቴ
ስለ ማንሳቱ እኔ ልመልስ፤ ጋራዥ ውስጥ ነው ያረጀሁት።

ልጄ፣ ክሪኩ ካልገባ መኪናዋን አስቀድመህ ከፍ አድርጋት። ሰፋ ያለ ወፍራም ጣውላ ከፊት ጎማዎቹ ፊት አስቀምጥና ቀስ ብለህ ንዳባት። ሦስትና አራት ሴንቲ ከፍ ካለች ዝቅተኛ ክሪክ ሰተት ብሎ ይገባል። የጎማ ቡሎኖችን መሬት ላይ እያለች ትንሽ አላላ፤ ከተነሣች በኋላ መታገል የለም።

ሚያታ ከፊት የምትነሣው በጎማዎቹ መካከል በሚያልፈው ወፍራም የብረት ማገር መሐል ላይ ነው። ከኋላ ደግሞ በዲፈረንሻሉ። የዘይት ቋቷን እንዳትነካ። በወለሉ ሥር በርዝመት የሚሄዱት ሁለት ሳጥን መሳይ ብረቶች ጠንካራ ይመስላሉ፣ ግን ስስ ቆርቆሮ ናቸው፤ ክሪክ ይጨፈልቃቸዋል። ብዙዎቹ ሚያታዎች እዚያ ላይ ተጨፍልቀው ነው የምታያቸው።

አሁን ይህን ልብ በል። የእጅ ፍሬኗ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። ማርሽ ብታስገባም የሚይዘው ያው ኋላውን ነው። ስለዚህ ኋላዋን ባነሣህ ቁጥር መኪናዋን የሚይዛት ምንም ነገር የለም። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በታኮ እሠር። ፊቷን ስታነሣ ደግሞ የኋላዎቹን።

ሌላው፣ ክሪኩ ክንዱ ሲወጣ ራሱም ወደ መኪናዋ መንከባለል አለበት። እግሩ አስፋልት ስንጥቅ ውስጥ ወይም ጠጠር ላይ ከተያዘ፣ መኪናዋ ናት የምትጎተተው። ቆም እያልክ እየው።

ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለመሸከም አይደለም። የሚሸከሟት ስታንዶች፣ ማለትም ከሥሯ የሚቆሙት የብረት እግሮች ናቸው፤ እነሱን በጎን ጠርዙ ላይ ባሉት ሁለት ምልክቶች መካከል፣ ላስቲክ ጣል አድርገህ አቁም። በሙቀት አስፋልት ይለሰልሳል፣ የስታንዱ እግር ይሰምጣል፤ ከሥሩ ወፍራም ኮምፔንሳቶ አንጥፍ። ከመግባትህ በፊት መኪናዋን በእጅህ ደህና አድርገህ ነቅንቃት። የፈታኸውን ጎማም ከጎኗ ሥር አጋድመው።

አራዳው_84
ይሄ ሁሉ ለምን? አገር ቤት እኮ ብሎኬት ላይ አቁመን ነው ስንሠራ የኖርነው 😄

ካቻቪቴ
ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈነዳው። አታስቀልደኝ።

ጎሚስታው
ጋሼ ልክ ናቸው። ያገለገለ ስታንድ የምትገዙም ተጠንቀቁ። በ2020 አሜሪካ ውስጥ ጥርሳቸው ሊያመልጥ ይችላል ተብለው ብዙ ስታንዶች ከገበያ ተሰብስበዋል። የሞዴሉን ቁጥር ሳታረጋግጡ ሥሩ አትግቡ።

ቀይዋ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለካሁ፦ ፊት ግራ 31.7፣ ፊት ቀኝ 31.9፣ ኋላ ቀኝ 33፣ ኋላ ግራ 31.4 ሴንቲ። ጋሼ እንዳሉት ፊቷን፣ ቀጥሎ ኋላዋን አንሥቼ አየሁ። ሞላው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነው። አሞርዛተሩ ላይ እንደ ቡሎን ጥርስ አለው፣ ሁለት ሁለት ቀለበትም ገብቶበታል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
በቃ ተገኘ! ከፋብሪካ የመጣ አይደለም፣ ኮይልኦቨር ነው፤ ማለትም ቀለበት በማዞር ከፍታው የሚስተካከል ሞላና አሞርዛተር። ሞላው አልደከመም፣ ባለቤቱ ነው ያወረዳት። የፋብሪካ ሞላ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ወጪው ይበዛብህ ነበር፤ ተቆርጦ ያጠረ ሞላ አይመለስም፣ ይቀየራል።

የኋላ ግራው ከቀኙ በ1.6 ሴንቲ ያነሰው ቀለበቱ ስለወረደ ሳይሆን አይቀርም። ከቀለበቶቹ በታች የሚታየውን ጥርስ በግራና በቀኝ አወዳድር። የታችኛው መቆለፊያ ቀለበት ላልቶ እንደሆነም እየው። ሞላው ራሱ ጫፉ ላይ ተሰብሮ እንዳይሆን ዙሪያውን በባትሪ ፈትሽ።

ለማስተካከል ጎማው ከመሬት መነሣት አለበት፤ ክብደት ያለበት ሞላ ላይ ቀለበት ማዞር ጥርሱን መብላት ነው። ክረምት የጨው መንገድ ያየ ከሆነ ዝገት ይኖራል። በሽቦ ብሩሽ ጠርገው፣ የዝገት ማላቀቂያ ነፍተህ አሳድረው። አንዳንዱ ኮይልኦቨር ከታች ሌላ ቀለበት አለው፣ ከፍታው የሚስተካከለው በዚያ ነው። ያንተም እንደዚያ ከሆነ ላይኛውን አትንካ።

አንዱን ጥግ ስታነሣ በሰያፍ ያለው ጥግ ጭነቱ ይቀየራል። ስለዚህ ትንሽ አንሣ፣ አውርድ፣ ንዳ፣ አራቱንም ለካ። በአንድ ጊዜ አይሳካም።

ቀይዋ (ጠያቂ)
እህቴ ተባረኪ። መቆለፊያው በእጅ ይዞራል፣ ላልቷል! ከፍ ካደረግኳት በኋላ አላይመንት ግዴታ ነው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ
አዎ፣ ግዴታ ነው። አራቱም እግሯ ላይ የጎማው አቋም ከከፍታው ጋር ይቀየራል። ግን ከዚያ በፊት አንድ ሥራ አለ። የእግሩ ብረቶች የሚታሰሩባቸውን ቦኮላዎች ዋና ቡሎኖች አላላቸው፣ መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ሳለ መልሰህ አጥብቃቸው። የቦኮላው ላስቲክ በድሮው ከፍታ እንደታሰረ ከቀረ ተጠማዞ ይኖራል፣ ቶሎ ይቀደዳል። ሥሯ ለመድረስ አራቱንም ጎማ የምታሳርፍበት ጣውላ ወይም ራምፕ ያስፈልግሃል።

ካቻቪቴ
የጎማ ቡሎኖቹን በቶርክ ቁልፍ ከ88 እስከ 118 ኒውተን ሜትር አጥብቅ፣ በሰያፍ እየዘለልክ። ትንሽ ከነዳህ በኋላ ደግመህ ፈትሻቸው። ኢንስፔክሽኑን ከአላይመንቱ በኋላ አድርገው።