ሦስት ትውልድ ይዞ የአውሮፕላን ሙዚየም መሄድ

ጥያቄ (ባለ ሚኒቫኗ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወላጆቼ ከአዲስ አበባ መጥተው ቨርጂኒያ እኛ ጋ ናቸው። አባዬ ጡረታ የወጣ የአውሮፕላን መካኒክ ነው፤ ቤት መዋል ሰልችቶታል። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ዊልቸር ሲባል ግን ትቆጣለች። ልጆቼ የአራትና የዘጠኝ ዓመት ናቸው። ቻንቲሊ ያለውን የስሚዝሶኒያን የአውሮፕላን ሙዚየም፣ ኡድቫር ሄዚን አስበናል። ማንም ሳይሰለች እንዴት እናድርገው?

መልስ (ታክሲ ነጂው)፦
እህቴ፣ መግቢያው ነፃ ነው። የመኪና ማቆሚያ 15 ዶላር ትከፍያለሽ። በሀበሻ ሰዓት ከቀኑ 10 በኋላ እሱም ነፃ ነው፤ ግን 11:30 ስለሚዘጋ ለትልልቅ ሰዎች ጥድፊያ ይሆናል። ጠዋት 4 ሰዓት ሲከፈት ድረሺ።

መልስ (የአሌክሳንድሪያዋ)፦
ዲሲ መሃል ያለው የስሚዝሶኒያን የአውሮፕላን ሙዚየም አይሻልም? ለልጆች የሚነካካ ነገር አለው።

መልስ (ታክሲ ነጂው)፦
ለዚያኛው ሰዓት የተወሰነለት ትኬት አስቀድሞ መያዝ አለ። ፓርኪንጉማ አይወራ! ጉልበት የሚያማቸው እናት ይዞ አይሞከርም።

መልስ (የድሮ ቴክኒሻን)፦
አባትሽን ቀጥታ ዳሽ 80 ጋ ውሰጃቸው። ቢጫና ቡናማ ቀለም የተቀባ ባለ አራት ሞተር ቦይንግ ነው፤ መጀመሪያ የበረረው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። 707 እና 720 የተወለዱት ከእሱ ነው። የአየር መንገዳችን የመጀመሪያ ጄቶች ደግሞ 720ቢ ነበሩ። እዚያ ወሬ ከጀመሩ አይነሱም፤ ትልቁን ልጅ ከእሳቸው ጋር ተይው፣ ይጠይቃቸው። ከድምፅ የሚፈጥነው የመንገደኞች አውሮፕላን፣ ኮንኮርዱም እዚያው ነው። ትንሹን ዲስከቨሪ ጋ ውሰጂው። 39 ጊዜ ጠፈር የወጣ መንኮራኩር ነው፤ ጎኑ ላይ ያሉት የሙቀት መከላከያ ጡቦች እንደተለበለቡ ናቸው፣ ቀለም አልተቀቡም።

መልስ (የአሌክሳንድሪያዋ)፦
እሺ፣ ተሸነፍኩ። ዊልቸሩን ሙዚየሙ በነፃ ያውሳል። ለእናትሽ ነው አትበይ። ቦርሳና ጃኬት ጫኝበትና ግፊው። አዳራሹን ሳያጋምሱ ራሳቸው ይቀመጡበታል፤ የእኔም እናት የተሸነፉት እንዲህ ነው። የሙዚየሙ ማማ ላይ በአሳንሰር ውጡ፤ ደለስ አየር ማረፊያ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ይታያሉ። ከቀናችሁ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጭራ ያለውንም ታያላችሁ።

መልስ (ታክሲ ነጂው)፦
ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ካለ ውስጥ ባለው ምግብ ቤት አትመኩ። በልታችሁ ግቡ። ስትወጡ ፎልስ ቸርች በኩል እለፉ፤ የጾም በያይነቱ የሚሠሩ የሀበሻ ቤቶች አሉ።