የሰርቨሩ ጥበቃ፦ ለቡና ማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ጉባኤው የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ሰርቨራችን በሰርጎ ገቦች የተደፈረበት የሐምሌው ጉድ እንዳይደገም ይህን ይዘን እንግባ። በራውተሩና በሰርቨሩ መሀል ፋየርዎል ("የእሳት ግድግዳ"፣ ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግድ) ይገባል። መጋዘን የተጣለው አሮጌ ዴስክቶፕ ይበቃል፤ የሚጎድለው ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ብቻ ነው። ኦፒኤንሴንስ የተባለ የፋየርዎል ሶፍትዌር እንጭንበታለን፣ የፈቃድ ክፍያ የለውም። ሰርቨሩ ላይ ያለው ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ስለሆነ የማይክሮሶፍቱ አንቲቫይረስ ዲፌንደር አብሮት አለ። ለሒሳቡ ግልባጭ ሁለት ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ይገዛ። ማሽኖቹ ከመስኮቱ ሥር ባለው ሶኬት ይሰካሉ። አስተያየት እስከ ሐሙስ።

ገንዘብ ያዥ፦ አምና ለአንቲቫይረስ የወጣው ብር ምን በላው? ደረሰኙ እጄ ላይ ነው።

ጸሐፊ፦ የተጫነልን ክራክ (ፈቃዱ የተሰበረ ቅጂ) ነበር። ሌባውን ዘበኛ አድርገን ቀጠርነው። "መጀመሪያ ዲፌንደርን አጥፉ" አለን፣ አጠፋንለት።

የአጂፕ ሰፈሩ፦ የሚከፈልበት አንቲቫይረስ ይገዛ። በነጻ ነገር የማህበር ሒሳብ አይጠበቅም። እኔ ቤት ለሦስት ኮምፒውተር የሚሆን ካስፐርስኪ አለኝ፣ አንዱን ልስጥ።

የኔትወርኩ ልጅ፦ የቤት የቤት ነው ጋሼ፣ ሰርቨር ላይ አይጫንም። የሰርቨር ፈቃድ ለብቻው ነው፣ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ዋጋውም በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተተወ ወዲህ ዶላር የት እንደደረሰ ያውቃሉ። ካስፐርስኪን ደግሞ አሜሪካ እንዳይሸጥ ከልክላዋለች።

የአጂፕ ሰፈሩ፦ ጅማ ከመቼ ወዲህ ነው አሜሪካ የሆነችው?

እትዬ (ቢሮ)፦ ከመስኮቱ ሥር ያለው ሶኬት የስቶቩ ነው። ቡናው የት ሊፈላ ነው?

ጸሐፊ፦ ዲቫይደር እንገዛለን።

እትዬ (ቢሮ)፦ ያለው ዲቫይደር ጎኑ ቀልጧል። ሲሰካ ይሸታል። መጥታችሁ አሽቱት።

የኔትወርኩ ልጅ፦ ስቶቭና ሰርቨር በአንድ ዲቫይደር አይሆንም። ስቶቩ ብቻውን 1000 ዋት ይጎትታል። በተለኮሰ ቁጥር ኃይሉ ይወርዳል፣ ማሽኑ ጠፍቶ ይነሳል። ለካ ሰርቨሩ አራት ሰዓት ላይ የሚጠፋው ለዚህ ነው! እኔ ስንት ቀን ቫይረስ ስፈልግ ነበር።

እትዬ (ቢሮ)፦ ስለዚህ ጥፋቱ የቡናው ሆነ?

ሐጂ፦ በጅማ የቡና ማህበር ቢሮ ቡና አይፈላም ከተባለ እኔ ጉባኤው ላይ አልገኝም። ገበሬው ሲመጣ ምን ልንሰጠው ነው? ፋየርዎል?

የሂርማታው፦ እሳቱም ግድግዳውም ተገኘ።

ገንዘብ ያዥ፦ ስቶቩ በከሰል ይተካ።

እትዬ (ቢሮ)፦ ጭሱን አንተ ትውጣለህ?

የኔትወርኩ ልጅ፦ ሶኬቱን ለአንድ ደቂቃ ተዉት። ሐምሌ ላይ ሰርጎ ገቦቹ የገቡት በ3389 ፖርት፣ ሰርቨሩን ከሩቅ ማዘዣ በሆነው በር ነው። የአጋሮው ሒሳብ ሠራተኛ ከዚያ ሆኖ እንዲሠራ ተብሎ ተከፈተ፣ ለዓለም ሁሉ ተከፍቶ ቀረ። ያ ፖርት ይዘጋ። ሠራተኛው በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ የግል መስመር ይግባ፤ ኦፒኤንሴንስ ላይ ለዚህ የሚሆን ዋየርጋርድ አለ፣ በነጻ። አፕዴትም አይዘለል። ግንቦት 2009 ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ ዓለምን ሲያምስ ማይክሮሶፍት መጠገኛውን ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር፤ የተበሉት ያልጫኑት ናቸው። ሃርድ ዲስኩም ግልባጭ እንደተወሰደ ይነቀል። ተሰክቶ ከዋለ አብሮ ይቆለፋል።

የአጂፕ ሰፈሩ፦ ፓስወርዱን የማህበሩ ምስረታ ዓመት ያደረገው ማነው? እሱ ይነገር።

ጸሐፊ፦ እኔ ነኝ። በግድግዳው ካላንደር ላይ ጽፎ የለጠፈውስ?

የአጂፕ ሰፈሩ፦ ስሜን ታነሳና ጉድ ይፈላል።

ሐጂ፦ በቃ። ሁለታችሁም ነገ ቢሮ ኑ፣ ቡና ጠጡ። ሶኬቱ ገና አልተወሰደም።

የሂርማታው፦ የኔትወርክ ካርዱን እኔ አመጣለሁ። መርካቶ አንድ ልጅ አለ፣ ነገ ከሰዓት እጄ ላይ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ኤሌክትሪሻን አስጠየቅኩ። ለማሽኖቹ ለብቻው መስመር ይዘረጋ አለ። ግን ግድግዳው ይበሳል።

እትዬ (ቢሮ)፦ ከተበሳ ይለሰን። ከተለሰነ ቀለም ይቀባ። ያ ግድግዳ ከክረምቱ ጀምሮ እርጥበት በልቶታል፣ የቡናው ናሙና ሁሉ ሊሻግት ነው።

ሐጂ፦ ይህ እውነት ነው። የናሙናው መደርደሪያም ይታይ።

ጸሐፊ፦ ካርዱስ?

ጸሐፊ፦ የሂርማታው፣ አለህ? ስልክህ አይነሳም።

ገንዘብ ያዥ፦ ሐሙስ ደርሷል። ረቂቁን አስተካክዬዋለሁ፦ የመብራት መስመር፣ ልስን፣ ቀለም፣ መደርደሪያ፣ ስታብላይዘር። ሃርድ ዲስክ ከሁለት ወደ አንድ ወርዷል። ፋየርዎሉ "እንደ በጀቱ ሁኔታ" በሚል መጨረሻ ላይ ገብቷል። ርዕሱ "የቢሮ እድሳት" ይሁን፣ ጉባኤው ቶሎ ይገባዋል።

የአጂፕ ሰፈሩ፦ እደግፋለሁ። ቀለሙ ክሬም ይሁን።

እትዬ (ቢሮ)፦ ክሬም ቶሎ ይቆሽሻል።

የኔትወርኩ ልጅ፦ 3389 አሁንም ክፍት ነው። ከቤቴ ሞከርኩት፣ የመግቢያው ሳጥን መጣ። ፓስወርዱን አልሞከርኩም። ፈራሁ።

ጸሐፊ፦ ዛሬ ማታ ሄጄ ራሴ እዘጋዋለሁ። እትዬ፣ የቢሮው ቁልፍ እርስዎ ጋ ነው?

እትዬ (ቢሮ)፦ እኔ ጋ ነው። ለቅሶ ልደርስ አጋሮ ወጥቻለሁ፣ ሰኞ እመለሳለሁ።