«ወንድሜ በእኔ ፋንታ ቢታሰር ፍርድ ነው?» ላለኝ ምን ልመልስ?

ጅማ ውስጥ በርጩማና የቤት ዕቃ የሚሠራበት አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። እኔ ጴንጤ ነኝ፣ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሙስሊም ነው። ስለ እምነት ሳንጣላ እናወራለን።

ሰሞኑን ራሱ ጠየቀኝ፦ «እናንተ ዳንን የምትሉት እንዴት ነው?» ዮሐንስ 3፥16ንና ሮሜ 6፥23ን አነበብኩለት። ከዚያ የተለመደውን ምሳሌ ጨመርኩ፤ ዕዳህን ሌላ ሰው ከከፈለልህ ነፃ ነህ። ሳቅ አለና፣ «ገንዘብ ይሁን፣ ይከፈላል። እኔ ሰው ገድዬ ዳኛው ወንድሜን ቢያስረው ግን ፍርድ ትለዋለህ?» አለኝ። ቁርኣንም ማንም የሌላውን ኃጢአት አይሸከምም እንደሚል ነገረኝ።

ኢየሱስ ተገዶ ሳይሆን በፈቃዱ ነፍሱን እንደሰጠ ከዮሐንስ 10፥18 አሳየሁት። «ወንድሜም ፈቃደኛ ቢሆን ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። ኢሳይያስ 53፥6 ላይ እግዚአብሔር የሁላችንን በደል በእርሱ ላይ እንዳኖረ ሳነብለት ደግሞ የባሰ መጣ። መጽሐፍ ቅዱስ ስልኩ ላይ ጭኖ ሕዝቅኤል 18፥20ን አገኘልኝ፤ ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ይላል። (ከብዙዎቻችን በላይ ያነባል!)

ቤተ ክርስቲያን ስጠይቅ «ጸልይለት» አሉኝ። እጸልያለሁ፤ እሱ ግን የሚጠብቀው መልስ ነው። የክርክር ቪዲዮ አትላኩልኝ፣ ልረታው አይደለም የምፈልገው።

ሕዝቅኤል 18 እና ኢሳይያስ 53 እንዴት አብረው እንደሚሄዱ፣ ሻይ እየጠጣን ላስረዳው በምችለው ቀላል አነጋገር እናንተ እንዴት ትነግሩት ነበር?