ፈረሴን በእግሬ ስመራው መሰናክል አላልፍም ይለኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ባለ ዳማው፣ ከባንጃ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የአምስት ዓመት ዳማ ፈረስ አለኝ። ስጋልበው ደግ ነው፤ ሶምሶማውም ሽምጡም ያኮራኛል። ችግሩ የሚጀምረው ወርጄ በእግሬ ስመራው ነው። ዘንድሮ ከጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ቀደም ብለን የመንደራችን ወጣቶች ፈረስ እየመሩ መሰናክል በማሳለፍ ልንወዳደር ተስማምተናል። በቅድሚያ በአጥርና በአጥር መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ከዚያ መሬት ላይ የተጋደሙ አራት ቀርከሃዎች፣ የተዘረጋ ሰማያዊ ሸራ፣ የሳንቃ ድልድይ፣ በመጨረሻም ውኃ የቋጠረ ቦይ ይከተላሉ።

ጠባቡን ያለ ችግር ያልፋል። ሸራው ጋ ሲደርስ ግን አራት እግሩን ተክሎ ይቆማል። ፊት ለፊቱ ቆሜ በልጓሙ ስስበው አንገቱን ሰቅሎ ወደ ኋላ ይሸሻል። ትናንት ገመዱን እጄ ላይ ጠምጥሜው ስለነበር መዳፌን ላጠኝ። አለንጋ አነሣሁና አሳዝኖኝ መልሼ አወረድኩት። የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው፤ የምታውቁ ምከሩኝ።

መልስ፦ የፈረሰኛ ልጅ፣ ከእንጅባራ

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ገመድ እጅህ ላይ ፈጽሞ አትጠምጥም። ፈረሱ ከደነበረ ገመዱ ይጠብቅና ጣትህን ይዞ ይሄዳል። ትርፉን አጣጥፈህ በግራ መዳፍህ ያዘው፤ ከተሳበ ሾልኮ ይውጣ።

ሁለተኛው ስሕተት አቋቋምህ ነው። የፈረስ ዐይን በጎንና በጎን ስለሆነ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። የማያየው ከጭራው ኋላ ያለውንና ከግንባሩ ፊት በጣም የቀረበውን ነው። ሸራው ጋ ሲደርስ እግሩ የሚያርፍበት ቦታ ከአፍንጫው ሥር ይጠፋበታል፤ አጥርቶ ለማየት አንገቱን ዝቅ ማድረግ አለበት። አንተ ደግሞ ፊቱ ተገትረህ ስትስበው ያንኑ ትከለክለዋለህ። ከሁለት መቶ ኪሎ በላይ ከሚመዝን እንስሳ ጋር ጉተታ ገጥሞ የሚያሸንፍ ሰው የለም፤ በተሳበ ቁጥር ወደ ኋላ መለጠጥ ተፈጥሮው ነው።

ልጓሙን አውልቀህ በልባብ፣ ማለትም አፉ ውስጥ ብረት በማይገባው የራስ ማሰሪያ፣ ምራው። በግራው በኩል፣ በአንገቱና በትከሻው መካከል፣ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብለህ ቁም። ዐይንህ ከሸራው ማዶ ይሁን እንጂ ዞረህ አትየው። ገመዱን በትንሹ ጠበቅ አድርገህ ጠብቅ። አንዲት እርምጃ፣ ግማሽም ብትሆን፣ ወደፊት ሲል በዚያው ቅጽበት አላላለት፤ የገመዱ መሐል ረግቦ እስኪንጠለጠል ድረስ። ማላላቱ ነው ሽልማቱ። ዘግይተህ ካላላህ ግን ለምን እንደላላለት አይገባውም። አሽትቶ፣ በአፍንጫው እፍ ብሎ፣ ከንፈሩን ማኘክ ሲጀምር ልቡ ረግቷል ማለት ነው፤ እስከዚያ አታስቸኩለው።

መልስ፦ አያ ባለ ግራጫ፣ ከአንከሻ

ልጄ፣ አለንጋውን ማውረድህ ደስ አሰኘኝ። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲቋቋም ፈረስ በዓድዋ ለዋለው ውለታ መታሰቢያ እንዲሆን ነበር። በዚያ በዓል ሰሞን ፈረስ ሲገረፍ ማየት ያሳፍራል። በዚያ ላይ ሸራው ጋ ከመታኸው ሸራ ማለት ሕመም ነው ብሎ ይይዘዋል። እኛ ለወንዝ አዲስ የሆነን ፈረስ ስናሻግር የለመደ ፈረስ ፊት እናስቀድማለን፤ ያንተም አይቶ ይከተላል። ከፊተኛው ሁለት የፈረስ ቁመት ያህል ይራቅ እንጂ እርግጫ አለ።

መልስ፦ ባለ ጋሪው፣ ከቡሬ

አያ፣ ምክርዎ ለመጀመሪያው ቀን መልካም ነው። እኔም የጋሪ ፈረሴን የቦይ መሻገሪያ ሳንቃ ያስለመድኩት በጓደኛው ነበር። ሦስተኛው ቀን ለብቻው ስወስደው ግን እንደ አዲስ ቆመ። ጓደኛውን እንጂ ሳንቃውን አልለመደም ነበርና። ውድድሩ ላይ ለብቻው ስለሚያልፍ ለብቻውም መልመድ አለበት።

ሁለት ሸራ አጣጥፈህ አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ አስቀምጥ፣ በመሐሉ ሰፊ መንገድ ተው። በዚያ መሐል አመላልሰው። በየቀኑ አንድ ስንዝር አጥብበው፤ ሲገናኙ ሳያስበው ረግጦት ታገኘዋለህ። ዳርና ዳሩን በድንጋይ አስይዝ፤ ነፋስ አንዴ ካንገዋለለው የሳምንቱ ልፋት ገደል ይገባል። ለድልድዩም እንዲሁ ነው፦ ሳንቃውን በቅድሚያ ደልዳላ መሬት ላይ አጋድመው። ኮቴው ሳንቃውን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ነው የሚያስፈራው። ድምፁን ሲለምድ ከፍ አድርገው። ከሩብ ሰዓት በላይ አታቆየው፤ ባለፈበት ላይ አቁመህ ወደ ቤት ውሰደው።

መልስ፦ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ከዳንግላ

ሁሉም ጥሩ መክረዋል፤ እኔ የምጨነቀው ለሌላ ነገር ነው። ልምምድ ከመጀመርህ በፊት አራቱንም ኮቴ አንሥተህ እይ። ሰኮናው ሥር የተሰካ ጠጠር ካለ ጠንካራ ሳንቃ መርገጥ ያመዋል፤ እኛ ደግሞ እምቢተኛ እንለዋለን። አፉ ውስጥ ልጓም ያቆሰለው ቦታ እንዳለም ተመልከት።

ቀርከሃውን እባካችሁ ቀይሩት። ክብ ስለሆነ ሲረገጥ ይንከባለላል፤ ሲሰነጠቅ ደግሞ ጠርዙ እንደ ቢላዋ ይቆርጣል። ወፍራም የባሕር ዛፍ አግዳሚ አድርጉና በሁለት ወገን በችካል አስይዙት። ርቀቱን ከ70 ሳንቲሜትር ገደማ ጀምራችሁ በራሱ እርምጃ ልክ አስተካክሉት። ድልድዩንም የዛፍ ጥላ ሥር አታስቀምጡት፤ የፈረስ ዐይን ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገባ ከሰው ዐይን ይዘገያል።

ባለ ዳማው (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሸራውን አለፈ። ስድስተኛው ቀን ላይ አንገቱን ጎንበስ አድርጎ፣ በአፍንጫው እየዳሰሰ፣ ገመዱ እንደረገበ ተሻገረው። አልቅሼ ነበር። ድልድዩንም በሁለተኛው ሙከራ አለፈው። ቀርከሃውንም ቀየርነው። የቀረው ቦዩ ነው፦ ውኃውን ላለመንካት ዘሎ ሊያርፍብኝ ምንም አልቀረውም።

የፈረሰኛ ልጅ፣ ከእንጅባራ

የውኃውን ጥልቀት ማወቅ ስለማይችል ነው የሚዘለው። ቦዩን ለጊዜው ተወው። ዘሎ የማይጨርሰው ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ፈልግ፤ ከቁርጭምጭሚትህ በላይ አይሁን። አንተም ጫማህን አውልቀህ አብረኸው ግባ። ሊዘል ሲል የኋላ እግሩን ሰብስቦ ወገቡን ያጎብጣል፤ ያን ጊዜ ገመዱን ለቀቅ አድርገህ ወደ ጎን ገለል በል፣ ፊቱ አትገኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባዝራዬን ይዤ እመጣለሁ፣ ውኃ ትወዳለች። አንድ ጊዜ ከኋላዋ ይግባ፤ ከዚያ በኋላ ለብቻው እንሞክረዋለን።